የላስታዋ ዘጠኝ ቁጥር የት አለች?

ላሊበላን የጎበኘ ሁሉ ይህቺን ነገር ያውቃታል። እንግዳው ከቤተ ጊዮርጊስ ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዘው አንድ ብላቴና ከጎኑ ይለጠፋል። ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ የአገሩን ዋና ከተማ ይነግረዋል፤ የሚደግፈውን ክለብ ይገምትለታል። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል፦ «ቡድን አለን፤ ኳስ ግን የለንም።» አንዳንዱ እንግዳ አንጀቱ ይላወስና ይገዛል። አንዳንዱ ደግሞ «ኳሷ ማታውኑ ወደ ሱቋ ትመለሳለች፤ ብሯን ይካፈሏታል» የሚለውን ወሬ ቀድሞ ሰምቷልና ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ስለ ኳሷ ዛሬ አንከራከርም። እኛ ላሊበላ ያደግን ሴቶች ነንና ዓይናችን የሚያርፈው ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ጠያቂው ሁሌም ወንድ ነው። «ቡድን አለን» የምትል ሴት ልጅ አላጋጠመችንም። ለማጭበርበር እንኳ! ምክንያቱም ማንም አያምናትም። ለመዋሸት እኮ እውነት የሚመስል ነገር ያስፈልጋል። የላስታ ሴት ልጅ የእግር ኳስ ቡድን ግን ለውሸት እንኳ የሚበቃ መልክ የለውም።

የምንለው አጭር ነው። አጥቂ በሃያ ዓመቷ አትፈጠርም። የምትሠራው ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ባለው ዕድሜዋ ነው። የምትሠራውም በተሰጥኦ ብቻ አይደለም፤ በጨዋታ ብዛት ነው። ግብ ፊት ሺህ ጊዜ ቆማ፣ ሺህ ጊዜ ስታ፣ ሺህ አንደኛው ላይ መረጋጋትን የምትማረው ያኔ ነው። ላስታ ውስጥ ለሴት ልጅ የጠፋው ተሰጥኦው አይደለም፤ ያ ሺህ ጊዜ ነው።

ማስረጃ ካላችሁን ሁለት አጥቂዎችን እንጥራ። አንዷ የኛ ናት፣ አንዷ የጃፓን።

የኛዋ ሎዛ አበራ ናት። በዲኤስቲቪ ቤት የሳካንና የሃላንድን የግብ ብዛት በቃሉ የሚወጣ ስንቱ ጎረምሳ ስሟን ሲሰማ ግን «ማናት?» ይላል! ሎዛ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባታ ውስጥ ዱራሜ ነው። ዱራሜ ትንሽ ከተማ ናት፤ ላሊበላም ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ድረስ እኩል ነን። ከዱራሜ ተነስታ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ለሀዋሳ ከተማ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተች። ከዚያ ደደቢት ገባችና የክለቡ ቀዳሚ ግብ አግቢ ሆነች፤ የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢነትም ደጋግማ ወሰደች። ይህ ሁሉ ሲጀመር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። የኛ እኩያ ልጃገረዶች ለማትሪክ ሲያጠኑ እሷ በየሳምንቱ መረብ ትነካ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ስዊድን ሄዳ ለኩንግስባካ ተጫወተች። ተመልሳ አዳማ ከተማን ለበሰች። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ አቀናች፤ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ አስቆጥራ ዋንጫውን ከክለቧ ጋር ወሰደች። ወደ አገሯ ተመልሳ ለንግድ ባንክ ስትጫወት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ከማንም በላይ ያገባችው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ገና በዚያው ዓመት በተጀመረው የአሜሪካ ሱፐር ሊግ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። ከዱራሜ እስከ ዋሽንግተን! ስለ አንድ ወንድ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ በየታክሲው ጀርባ ይለጠፍ ነበር።

እኛን የሚይዘን ግን መጨረሻው አይደለም፤ መጀመሪያው ነው። ሎዛ ከዱራሜ ስትወጣ የምትደርስበት ነበራት። ሀዋሳ የሴቶች ቡድን አላት፤ አርባ ምንጭ አላት፤ ዲላ አላት። በደቡቡ አገራችን የሴቶች ክለብ ከሴቶች ክለብ ብዙ አይርቅም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ጎበዝ የሆነች ልጅ ቀጣዩን ደረጃ በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ታገኘዋለች። ደቡብ ከኛ በላይ በተሰጥኦ የተባረከ ሆኖ አይደለም። መሰላሉ እርከን ስላለው ነው።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። ማና ኢዋቡቺ እ.ኤ.አ. በ1993 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደች። አጥቂ ናት፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ60 አይሞላም። («ሴቶቻችን ደቃቃ ናቸው፤ ኳስ አይሆናቸውም» የምትሉ ወንድሞቻችን ይህቺን ቁጥር ያዙልን።) ልጅ ሳለች ከሰፈሯ ወንዶች ጋር በአንድ ቡድን ተጫወተች። ከዚያ በጃፓን ሴቶች እግር ኳስ ስመ ጥር የሆነው የቤሌዛ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ተቀበላት፤ ከታዳጊው ወደ ዋናው ቡድን አደገች። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዚላንድ ውስጥ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ፣ ቡድኗ ከሩብ ፍጻሜ ሳያልፍ፣ እሷ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ዕድሜዋ 15! እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን የዓለም ዋንጫን ስታነሣ የ18 ዓመቷ ኢዋቡቺ ከቡድኑ አባላት አንዷ ነበረች። ከዚያ ጀርመን፣ ከዚያ እንግሊዝ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጫማዋን ሰቀለች።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ጃፓን ሀብታም መሆኗን አይደለም፤ እሱን እናውቃለን። የምንወስደው ይህን ነው፦ ያቺ ልጅ በእያንዳንዱ ዕድሜዋ የሚቀጥለው በር ቀድሞ ተከፍቶ ይጠብቃት ነበር። በስምንት ዓመቷ የሰፈር ቡድን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የክለብ ታዳጊ ቡድን፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ብሔራዊ ቡድን። አንዱ በር ቢጎድል ኖሮ ተሰጥኦዋ ያው ሆኖ ሳለ ስሟን ዛሬ አንጠራውም ነበር።

እስቲ አሁን የላስታዋን ልጅ በዚሁ የዕድሜ ሰሌዳ ላይ እናስቀምጣት። በ2012 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላትን ልጅ እንውሰድ። በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የእንግዳው እግርም ተቆረጠ። ላሊበላ ደግሞ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት፤ የአስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ የጫማ ጠባቂው ቤት ባዶውን ቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ከረመች። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ትንሽ ተንፈስ ተባለና በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ በአማራ ክልል እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በ2017 አሥራ አምስት ሞላት፤ ኢዋቡቺ የዓለም ምርጥ ታዳጊ የተባለችበት ዕድሜ። የኛዋ ልጅ በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ያለ መቋረጥ የተማረችባቸውን ወራት መቁጠሩ ይቀላል፤ የተጫወተቻቸውን ጨዋታዎች መቁጠሩ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። የሉምና።

«ጦርነት ላይ ሆናችሁ ስለ ኳስ ታወራላችሁ?» የሚለን ይኖራል። አዎ፣ እናወራለን። ሰላም ሲመጣ የፈረሰው ትምህርት ቤት ይሠራል፤ መንገዱም ይጠገናል። ያለፈው የአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ግን አይጠገንም። አጥቂ ሆና ልትሠራ የምትችል ልጅ እነዚያን ዓመታት ካጣች ሃያ ሲሞላት «በይ አሁን ጀምሪ» አይባልም። ለዚህ ነው ነገሩ ለሰላም ጊዜ የሚቀጠር የማይሆነው።

ደግሞ ሁሉንም በጦርነት ማሳበብም ፍርደ ገምድልነት ነው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት እኮ ነበርን! በተማርንበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን) የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ኳሷ ለወንዶቹ ትሰጥ ነበር። እኛ ገመድ እንዘላለን፤ ካልሆነም ጥላ ስር ቁጭ ብለን የወንዶቹን ሹራብ እንጠብቃለን። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንዲት ኳስ ነበረች፣ አንድ ሜዳ ነበረ፣ አርባ ደቂቃ ነበረ፤ ከዚህ ውስጥ ለኛ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ያችም ሜዳ ሜዳ ከተባለች ነው! ላሊበላ ተዳፋት ናት፤ ኳሷን ጠለዝ ያደረገ ልጅ ተከትሏት ሸለቆ ወርዶ ሲመለስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ደህና ለጥ ያለ መሬት የሚገኘው ታች ሽምሸሃ ነው፤ እሱንም አውሮፕላኑ ቀድሞ ይዞታል።

ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ደግሞ የታወቀ ነው። ወንድሟ የጨርቅ ኳሱን ይዞ ወደ ሜዳ ሲሮጥ እሷ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ውኃ። በገጠሩ ላስታ፣ በቡግና፣ በግዳን፣ በመቄት ከሆነ ደግሞ አሥራ አራት አሥራ አምስት ሲሞላት ሽማግሌ መምጣት ይጀምራል። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ የለም ይላል፤ ሽማግሌው ግን ሕጉን አንብቦ አይመጣም። አስተውሉ፤ ሎዛ ከዱራሜ ወጥታ ስሟን የተከለችው በእነዚያው በአሥራዎቹ ዓመታት ነው። አንዷ ማሊያ የምትለብስበት ዕድሜ ለሌላዋ የቀሚስ መለኪያ ነው።

«ደጋ አገር ሯጭ እንጂ ኳስ ተጫዋች አያወጣም» የሚል ሳይንስ ቢጤም እንሰማለን። ይህን ስንሰማ እኛ በቆጂን እናስባለን። የአርሲዋ በቆጂ ደጋ ናት፤ ላሊበላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ብቻውን ጀግና ቢያወጣ ኖሮ ላስታ እስካሁን ስንት ደራርቱ ባበቀለች! በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ከፍታው ብቻ አይደለም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በማለዳ ተነሥተው ልጆቹን፣ ሴቶቹንም ጭምር፣ ሜዳ ላይ ሰብስበው ስላሠለጠኗቸው ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእኚህ ሰው እጅ አልፈዋል። አንድ መምህር፣ አንድ ፊሽካ፣ በየቀኑ። በቃ፤ የበቆጂ ምሥጢር ይህ ነው፤ ዋጋውም የስታዲየም ዋጋ አይደለም።

ስታዲየም ካነሣን ዘንድ፣ ሰሜን ወሎ ስታዲየም አላጣችም። ወልድያ ላይ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አልአሙዲ ስታዲየም 25,000 ያህል ሰው ይይዛል። የወልድያ ከተማ ክለብም ፕሪሚየር ሊጉን ያየበት ጊዜ ነበር። ሲመረቅ ያጨበጨብነው ከልባችን ነው። ነገር ግን ስታዲየም የመሰላሉ ጫፍ ነው። ከጫፉ የጀመረ መሰላል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ይሆናል። ከላስታ ቀበሌ ትምህርት ቤት እስከ ወልድያ ስታዲየም መካከል ያለውን እርከን አንድ ሁለት ብሎ የሚቆጥርልን ካለ ለማመስገን ዝግጁ ነን።

የአገሪቱን ሁኔታም እናንሣ። ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ነበር። አራተኛ፣ ከመላው አፍሪካ! እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ሎዛን የመሰለች አጥቂ ይዘንም አልተመለስንም። ለምን? አንዲት አጥቂ አገር አትሸከምማ። ከኋላዋ አሥር፣ ከአሥሩ ኋላ መቶ ተፎካካሪ ያስፈልጋል። ያ መቶ ደግሞ ከሀዋሳና ከአዲስ አበባ ብቻ ሲለቀም አይሞላም። ላስታ ሳትቆጠር፣ ዋግ ሳይቆጠር፣ መቄት ሳትቆጠር የሚመረጥ ብሔራዊ ቡድን የግማሽ አገር ቡድን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ወረቀት ላይ የሚያምር «ስትራቴጂ» አንጠይቅም። ሦስት ተራ ነገር ነው የምንጠይቀው።

አንደኛ፣ ሜዳው ይከፈል። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳውም ኳሱም የሴቶቹ ይሁን፤ በዚያ ቀን ወንዶቹ ገመድ ይዝለሉ። (አይሞቱም፤ እኛ ዘለን አይተነዋል።) ይህ ብር አይፈልግም። የሚፈልገው ርዕሰ መምህሩ አንዲት ወረቀት ጽፈው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በሰላሙ ጊዜ ሁሉ የትምህርት ቤቶች ውድድር በዓመት አንድ ጊዜ ይኑር፤ ላስታ፣ ቡግና፣ ግዳንና መቄት የሴት ቡድን ይዘው ይገናኙ። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የምትጫወትለት ነገር ይኖራታል፤ መልማይም መጥቶ የሚያይበት ቀን ያገኛል። የታዳጊዎች ፕሮጀክት የሚባለው ነገር በትልልቅ ከተሞች ብቻ እንዲቀር የሚያዝ ሕግ የለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሃያ ልጆችና አንድ ፈቃደኛ መምህር ካሉ ፕሮጀክት ማለት እሱው ነው። ውድድሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለሽማግሌው መልስ ይሆናል። «ልጄ በሚያዝያ ወልድያ ላይ ጨዋታ አላት» የሚል አባት ቤት ውስጥ «ልጅህን ለልጄ» ማለት ትንሽም ቢሆን ይከብዳል። ኳስ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀራል አንልም። ልጅቷ ለቤቱ ሌላ ስም እንድታገኝ ያደርጋል ነው የምንለው፤ ሌላ ስም ያላት ልጅ ቶሎ አትሰጥም።

ሦስተኛ፣ ይጻፍ። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነውን እኛን የሚመለከተው ይሄ ነው። ጃፓን ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስታገባ ቀኑ፣ ደቂቃው፣ ተጋጣሚው ይጻፋል፤ አሠልጣኙ መዝገቡን ገልጦ ያያታል። ላስታ ውስጥ የገባ ግብ ግን አቧራው ሲቀመጥ አብሮ ይጠፋል። መልማይ የሚመጣው በስም ነው፤ ስም የሚመጣው ከጽሑፍ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ማን ከማን ተጫወተ፣ ማን ስንት አገባች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? በየወረዳው አንዳንድ ደብተር ያዥ ቢኖር ለማንም አይከብድም።

ወላጆቻችንን አንወቅስም። አባት ልጁ ኳስ ስትጫወት አይቶ «ነውር ነው» ቢል፣ ከኳስ እንጀራ የወጣላት የላስታ ሴት አሳይታችሁት ታውቃላችሁ? ያላየውን ቢጠራጠር ትክክል ነው። ለዚህም ነው ሎዛ ለኛ ከግብ ቁጥሯ በላይ የምትጠቅመን። ስሟ በትንሽ ከተማ የተወለደች ሴት ልጅ ኳስ ተጫውታ ማልታ ልትደርስ፣ አሜሪካ ልትፈርም፣ ቤተሰብ ልታኮራ እንደምትችል ይመሰክራል። የሷን ፎቶ ከቤካምና ከሮናልዶ ፖስተር ጎን ለመለጠፍ የሚከለክለን የለም። እንለጥፈው።

እናንተ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ ካላችሁ፣ ቡናና ስኳሩ ላይ አንዲት ኳስ ጨምሩ። ስትሰጡ ግን በሩ ላይ ተሰብስቦ ለሚጠብቃችሁ ጎረምሳ አትስጡ። ጀሪካን ይዛ በአጠገባችሁ ለምታልፈው ስጧት። ምን እንደምታደርግባት ካላወቀች ሁለት ድንጋይ አስቀምጡና «በመሃሉ አሳልፊያት» በሏት፤ የቀረውን ራሷ ታውቀዋለች። ከዚያ ስንት እንዳገባች ቁጠሩና ጻፉልን።